የጎሹ የእሑድ ምሳ

አሶሳ ላይ ቤት ሠርቶ ጎሹን የማያውቅ ሰው አለ ብትሉኝ አላምናችሁም። ሚስማሩም ቆርቆሮውም ሲሚንቶውም የሚገዛው ከእሱ ሱቅ ነው። ድሮ፣ ድሮ ስል ብዙም ሳይርቅ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቶ ሲቀመጥ በሩ ይዘጋ ነበር። ደንበኛው «ጎሼ፣ እስቲ ፈቀቅ በልልን፣ ሚስማር እንግዛ» ይለዋል። ጎሹ አይቀየምም፤ እየሳቀ ይነሣል፣ ለመነሣትም ጊዜ ይወስዳል። ኪሎውን የጠየቀውን ሰው ግን አይወድም። «እኔ ሰው ነኝ እንጂ ሲሚንቶ ነኝ እንዴ?» ይላል። ባጃጅ ሲሳፈር ሹፌሩ ከጎኑ ሌላ ሰው አይጭንም፤ ጎሹም ነገሩ ስለገባው ሳይጠየቅ የሁለት ሰው ይከፍላል።

ሳቁ ሳቅ ነው፤ በሽታው ግን አይስቅም። ጉልበቱ ከደረጃ ጋር ተኳረፈ። ስኳሩ ከፍ አለ፣ ደም ግፊቱም ተከትሎት ወጣ። ሲያንኮራፋ ሚስቱ አሰለፈች ትራሷን አቅፋ ሳሎን ትሄዳለች፤ እዚያም ትሰማዋለች። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ስላቃተው ክረምት ከበጋ ነጠላ ጫማ ነው። አልሞከረም እንዳይባል ሞክሯል፤ አንድ ዓመት ዐቢይ ጾምን ጠበቅ አድርጎ ጾሞ ቀበቶውን ወደ ውስጥ ቀዳዳ አስገብቶ ነበር። ፋሲካ ሲመጣ ግን የእሱ አፈታት ሌላ ነውና የቀነሰው ሁሉ ከነወለዱ ተመለሰ።

በመጨረሻ «ዕቃ ልገዛ ነው» ብሎ አዲስ አበባ ሄደ። እዚያ አንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሞቹ የጨጓራውን አናት በለስላሳ ቀለበት አሰሩለት። ቀለበቱ ጨጓራውን እንደ ቅል አንገት ጠበብ አድርጎ ይይዘዋል። ከቀለበቱ በላይ የምትቀረው ኪስ ትንሽ ስለሆነች በጥቂት ጉርሻ ትሞላለች፤ አልሰማ ብሎ ከዚያ በላይ የላከ ሰው የላከውን መልሶ ያየዋል። ነገሩ ይኸው ነው፣ አስማት የለበትም።

ከዚያ ወዲያ ጎሹን እንደ ልጅ ያሳደገችው ስርጉት ናት። ስርጉት የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ ስትሆን ድምፅዋ ቀጭን፣ ትእዛዟ ግን ወፍራም ነው። በየሳምንቱ እየደወለች «አቶ ጎሹ፣ ዛሬ ምን በሉ?» ትለዋለች። መጀመሪያ አጥሚትና የሾርባ ውኃ ብቻ ነበር፤ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ ተፈቀደ። ቀጥሎ ሕጉ መጣ። እንቁላሉን፣ ዓሣውን፣ ምስሩን ያስቀድሙ፣ እንጀራውን ያሳንሱ። ጉርሻዎ ከአውራ ጣትዎ ጥፍር አይለፍ። ልሞ እስኪጠፋ ድረስ ያላምጡ። እየበሉ ውኃ የለም። ደረትዎ ላይ ከበድ ሲልዎት እጅዎን ይታጠቡ፣ ሰሃኑ ውስጥ የቀረው አይያዝዎት። በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ።

ጎሹን ያስቸገረው ማላመጡ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲውጥ የኖረ ሰው ጥርሱ ለምን እንደተፈጠረ ገና አሁን አወቀ። አሰለፈች ትልቁን ሰሃን ቁም ሳጥን ላይ ሰቅላ በስኒ ማስቀመጫ ታቀርብለት ጀመር። ሲቸኩል ስታየው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ቀስ በል» ትለዋለች። እሷ ራሷ ከእሱ ጋር እያላመጠች ቀሚሷ ሰፋት፤ ለዚህ ደግሞ ምንም አልከፈለችም፣ ይህንንም ሳትነግረው አታድርም።

ማንጎ ሲደርስ ግን ሰውየው ተፈተነ። ከሱቁ አጠገብ ነዕማ አለች። ነዕማ የበርታ ሴት ናት፤ ከሱዳን በኩል የሚመጣ ጨርቅና ለሻይ የሚፈላ ከርከዴ ትሸጣለች፣ በማንጎ ወቅት ደግሞ ጭማቂ ታወጣለች። ጎሹ አንድ ቀን ቀመስ ሲያደርግ ጭማቂው ቀለበቱን ሰላም እንኳ ሳይል ሾልኮ ወረደ። እንጀራ የሚያግደው በር ለጭማቂ ወለል ብሎ ተከፈተ! ጎሹ ዓለሙን አየ። ጠዋት አንድ፣ ከምሳ በኋላ አንድ፣ ሱቅ ሊዘጋ ሲል ደግሞ ለመንገድ። ወሩ ሲያልቅ ክብደቱ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

«ምን ይጠጣሉ?» አለችው ስርጉት በስልክ።

«ውኃ።»

«ሌላስ?»

ጎሹ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ። ጭማቂ ልታቀብለው ብርጭቆ ይዛ የቆመችው ነዕማ ነገሩን ሰምታ ኖሮ ስልኩ ሲዘጋ ብርጭቆውን ራሷ ጠጣችው። ጎሹም ሌላ ማምለጫ ስላጣ የቀለበቱን ነገር አጫወታት። «ወላሂ ጎሹ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጭማቂ ለአንተ ሐራም ነው» አለችው። «ማንጎ ከፈለግህ ቆርጬ እሰጥሃለሁ፣ ቁጭ ብለህ ትበላለህ፣ በጥርስ።» በማግስቱም ለራሷ የሠራችውን ባሚያ ከዓሣ ጋር በትንሽ ሳህን አመጣችለት። ባሚያው ልስልስ ያለ ነው፣ ዓሣው አጥንቱ ወጥቷል፤ ቀለበቱም አላጉረመረመም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጎሹ ቀለለ። ማለዳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ራቅ ብሎ ሄዶ ይመለሳል። መጀመሪያ ሰሞን ከብት የሚነዱ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ቀድመውት ይሄዱ ነበር፤ ኋላ እሱ ይቀድማቸው ጀመር። አንድ ቀን ክር ያለው ጫማ ገዝቶ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አሰረው። ከዚያ ፈታው፣ እንደገና አሰረው። ያየው ሰው አእምሮው የተነካ መስሎት ይሆናል። ለጎሹ ግን ያ ቀን የሰርግ ቀን ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ ከእናቱ ደበቀ። እማማ የዝናሽ አምባ አሥራ አራት በሚባለው የሰፈራ መንደር ነው የሚኖሩት፣ በሰፈራው ዘመን ከወሎ ሲመጡ በተመራላቸው ቦታ ላይ። የሰባ ሰባቱ ረሃብ ባላቸውንና ትንሿን ልጃቸውን በላባቸው፤ ጎሹን ብቻ በጀርባቸው አዝለው፣ ሲደክማቸውም በእጅ እየጎተቱ፣ መጠለያ አድርሰው ከዚያ በጭነት መኪና እዚህ ገቡ። «ልጄን ባበላው ብላ ያልቆመችበት ደጅ የለም» ይላል ጎሹ ለአሰለፈች። «ልጅሽ ገንዘቡን ከፍሎ እንዳይበላ ታሰረ ብዬ በምን አፌ ልንገራት? ኃጢአት ይመስለኛል።» የሚያሳፍር ነገር ሆኖ ሳይሆን አሰለፈችም ብትሆን ያንን ለዚያች እናት መናገር ከብዷታል።

እሑድ ምሳ ግን ከእናቱ ዘንድ ነው፣ ቀርቶ አያውቅም። እማማ የዝናሽ ዶሮውን ይሠራሉ፣ ቅቤውን ያፈሳሉ፣ ትሪውን ሞልተው «ብላ ልጄዋ፣ ብላ» እያሉ ከራሱ ላይ ይቆማሉ። ጎሹ መላ ዘየደ። እሳቸው እርጎ ሊያመጡ ወደ ጓዳ ገባ ሲሉ ከትሪው አፈስ አድርጎ ኪሱ ውስጥ በያዘው ፌስታል ይከታል፣ ሲወጣም ለውሻቸው ለቦቢ ያፈስለታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት ዓይነት ነው፤ ባዶውን ትሪ እያሳየ «እማ፣ እጅሽ ይባረክ» ይላል። ጎሹ በከሳ ቁጥር ቦቢ ወፈረ። ጅብ ሲመጣ እየሮጠ ያባርር የነበረው ውሻ አሁን ተኝቶ ይጮኻል።

ሰው ደግሞ አፍ አለው። «ጎሹን አያችሁት? አልቋል እኮ» ተባለ። አንዱ ጉበት ነው አለ፣ አንዱ ከዚያ የከፋ ነገር አለ። ወሬው አምባ አሥራ አራት ደረሰ። አንድ ማክሰኞ ከዚያው መንደር ሲሚንቶ ሊገዛ የመጣ ጎረቤት፣ ይገረም የሚባል፣ ሂሳቡን ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ሳይሄድ ቆመ።

«ጎሹ፣ እናትህን አይተሃቸዋል?»

«እሑድ አየኋት፣ ምነው?»

«እህል አቁመዋል እኮ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አንድ እፍኝ ቆሎ ነው፣ ሌላ አይቀምሱም። ልጄን እንደ ድሮው አድርጎ ያብላልኝ ብለው ተስለዋል አሉ። በዚህ ዕድሜያቸው ይወድቁብሃል።»

ጎሹ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ስለ እናቱ ቆዳ፣ ስለ እጃቸው አጥንት አሰበ፤ አይቶት ነበር፣ ግን እርጅና ነው ብሎ አልፎታል። እሱ ትሪውን ለውሻ ሲያፈስ እሳቸው ለእሱ ብለው ይራባሉ። በራሱ አፈረ። ነዕማ ከጎን ሆና ሁሉንም ሰምታለች። «ሂድ፣ ንገራት» አለችው። «እናት ልጇ ሊሞት ነው ብላ ካሰበች፣ ከዚህ የባሰ ምን ልትነግራት ትችላለህ?»

የዚያን እሑድ ጎሹ ፌስታል አልያዘም። ገና ከመግባቱ ዶሮው ቀርቧል፣ እማማ የዝናሽም እጃቸውን ታጥበው ይጠብቁታል።

«እማ፣ የምነግርሽ ነገር አለኝ።»

«ትነግረኛለህ። መጀመሪያ ጉረስ።»

የእናት ጉርሻ የስርጉትን ሕግ አያውቅም። እንቁላል የሚያህል ነበር። ጎሹ እንቢ ቢል ምን ሊሉ እንደሚችሉ ስለሚያውቅ ተቀበለ። አላመጠ፣ አላመጠ፣ እንደ ምንም ዋጠው። ቀና ሲል ሁለተኛው አፉ ላይ ነው። «አንድ ያጣላል» አሉት። ሁለተኛውን ሲውጥ ደረቱ ላይ ቆመ። ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄድ አለ፤ ምራቁ ሞላ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ብድግ ብሎ ወደ ጓሮ ሮጠ፣ የሙዙ ተክል ሥር ጎንበስ ብሎም ሁለቱንም ጉርሻ መለሰ።

ሲዞር እናቱ ውኃ በጣሳ ይዘው ቆመዋል። አልጮኹም፣ ደረታቸውንም አልደቁም። አፉን እስኪጉመጠመጥ ጠብቀው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ስንት ቀን ሰጡህ?» አሉት።

«ምን?»

«ሐኪሞቹ። ሞት እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ ልጄ፣ ቤቴ ገብቶ ያውቃል። እሱን አይደለም የምፈራው። ደብቀኸኝ እንዳትሄድ ነው። ለቦቢ ስትሰጠው ባየሁህ ቀን፣ ልጄ መዋጥ ከማይችልበት ደርሷል ብዬ ለብቻዬ አልቅሻለሁ።»

ጎሹ እግራቸው ሥር ተቀመጠና ሁሉንም ነገራቸው። ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ስኳሩ፣ ስለ አዲስ አበባው። ሸሚዙን ገልጦ ሆዱ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጠባሳዎች አሳያቸው። እማማ የዝናሽ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ቀለበት አሰሩበት?»

«አዎ እማ።»

«እንዳትበላ?»

«ትንሽ እንድበላ። እንድኖር።»

«ገንዘብ ከፍለህ?»

ጎሹ አንገቱን ደፋ። የፈራው ጥያቄ ይኸው ነበር። እማማ የዝናሽ የሸሚዙን ጫፍ መልሰው ጠባሳዎቹ ላይ ጣል አደረጉለት። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ። «ና ግባ» አሉት፣ «ደረትህ ከተረጋጋ እንዴት እንደምትበላ አሳየኝ።»

ከቆይታ በኋላ በትንሽ ሳህን ግማሽ እንቁላልና የዶሮውን ለስላሳ ሥጋ፣ ከጎኑም ቁራሽ እንጀራ አቀረቡለት። ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ጎሹ ጥፍር የምታህል ቆረሰ፣ አላመጠ። እሳቸው አፉን እያዩ አብረው የሚያላምጡ ይመስሉ ነበር። «ብላ» አላሉም። ውጭ ዶሮዎች ይጭራሉ፣ ሩቅ የወፍጮ ድምፅ ይሰማል፤ ጎሹ አንዱን ጉርሻ ጨርሶ ሌላውን ይጀምራል። ሳህኑ ላይ ገና የተረፈ እያለ ደረቱ ላይ ያቺ የሚያውቃት ክብደት መጣች። እጁን ሰበሰበ።

«ጠገብኩ፣ እማ።»

«ምን አልክ?»

ሊጨምሩበት መስሎት ፈራ። «ጠገብኩ» አለ ቀስ ብሎ።

እማማ የዝናሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። ጎሹ ደንግጦ ሊነሣ ሲል በእጃቸው ያዙት። «መጠለያው ውስጥ 'አልጠገብኩም' ትለኝ ነበር፣ የምሰጥህ አልነበረኝም» አሉት ከነጠላው ሥር። «እዚህ ከመጣን ወዲህ ማሳው ሰጠ፣ ጎተራው ሞላ፣ አንተም ሚስት አገባህ፣ ሱቅ ከፈትህ። ባበላህ ባበላህ ግን አንድ ቀን ጠገብኩ ብለኸኝ አታውቅም። ትሪውን ትጨርስና ዝም ትላለህ። ያ ልጅ እስካሁን የራበው ይመስለኝ ነበር።»

ጎሹ ይህን ልብ ብሎት አያውቅም። ዕድሜውን ሁሉ ሲያስበው እውነት ነበር፤ ትሪው ሲያልቅ ነው የሚያቆመው፣ ጠግቦ አይደለም። የእናቱን እጅ ይዞ ተቀመጠ።

እማማ የዝናሽ ዓይናቸውን ጠረጉ። የተረፈውን ሳህን ወደ ዳር ገፋ አድርገው ትልቁን ትሪ ወደ ራሳቸው ሳቡ፣ የእንጀራውን ጫፍ ቆረሱ፣ ወጡን አጠቀሱ።

«በል እንግዲህ እኔ ልብላ» አሉት። «እርቦኛል።»

በሉም። ሳይነሡ፣ ወደ ጓዳ ሳይመላለሱ፣ ቁጭ ብለው በሉ። ጎሹ እናቱን እንዲህ ሲበሉ መቼ እንዳየ ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም።