ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ስልክ

ግቢዬ ውስጥ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ የፕላስቲክ ወንበር አለ። ሰማያዊ ነበር፤ ፀሐይ ሲመታው ኖሮ ነጣ ብሏል። እንግዳ ሲመጣ ሌላውን ወንበር ነው የማቀርበው። ይሄኛው ላይ ሰው ሲቀመጥ ደስ አይለኝም። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ ልናገር።

የቆርቆሮ ሠራተኛ ነበርኩ። ኮልፌ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ባልዲና የከሰል ምድጃ ስቀጠቅጥ ነው ያረጀሁት። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ማንበብ አያቅተኝም፤ ስጽፍ ግን እጄ ይዘገያል። ቢሆንም ሰው ሲያወራ አላቋርጥም፣ ቶሎም አልቆጣም። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ ሽማግሌ አደረገኝ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ጎረቤት በአጥር ሲካሰስ፣ እኔ ግቢ ይመጣሉ።

የእኛ ሽምግልና ወግ አለው። ማንም አቤቱታውን ከማሰማቱ በፊት ዋስ ይጠራል። ዋሱ ብድግ ብሎ «አለሁለት፤ ሽማግሌ ያለውን ይቀበላል» ይላል። ከዚያ ወዲያ የዋሱ ቃል የባለጉዳዩ ቃል ነው። መጨረሻ ላይ ይመረቃል፤ ሰው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ አሜን ይላል። የተመረቀበት ነገር ደግሞ ተመልሶ አይነሳም። እኔም በዚህ ወግ ስንት ቤት አስታረቅሁ፤ አንድም ቀን ይጎድለዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የአጥር ጎረቤቴ የሆነች ሴት አለች፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የማውቃት። የአሥራ ስምንት ማዞሪያ ሰፈር ልጅ አገባትና ባሕር ማዶ ወሰዳት። እዚያ ሴት ልጅ ወለዱ። ከዚያ ተጣሉ። እሷም ልጅቷን ይዛ ለዕረፍት ብላ መጣች፤ ቀረች። ያኔ ልጅቷ አራት ዓመቷ ነበር።

የአባትየው ታላቅ ወንድም ወዳጄ ነው። ዕድሜ ልኩን ሚኒባስ የነዳ፣ አፉ የማያርፍ ሰው። አንድ ቀን መጣና «ወንድሜ እዚያ ሆኖ እየበገነ ነው። አንተ ካልዳኘኸን ማን ይዳኘናል?» አለኝ። እሺ አልኩ። ሁለት ሽማግሌዎች ጨምሬ እሑድ ከሰዓት ግቢዬ ተቀመጥን።

አባትየው መምጣት ስለማይችል በስልክ እንዲገባ ተባለ። ወዳጄ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰማያዊው ወንበር ላይ አኖረው። «በሉ፣ ሰውዬው ተቀምጧል፤ ውሃ ስጡት» ብሎ አሳቀን። ራሱ ለወንድሙ ዋስ ሆነ። ለእሷ አጎቷ ቆሙ።

እሷ ተናገረች። ስልኩም ተናገረ፤ ይቆራረጣል፣ ግማሹ ይሰማል ግማሹ ይቀራል። እኛ ተማከርንና ወሰንን፦ ልጅቷ ከእናቷ ጋር እዚሁ ትደግ፤ አባቷ ክረምት ክረምት መጥቶ ይያት። ውሳኔውን ወደ ስልኩ ጎንበስ ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። መልስ የለም። መስመሩ ተቋርጧል።

«ምን አለ?» አልኩ።

«እሺ ነው የሚለው። ዋሱ እኔ አይደለሁ እንዴ? እሺ ብሏል» አለ ወዳጄ።

እኔም ምርቃቱን ጀመርኩ። ይሄን ነው ልቤ ይዞት የኖረው። ገና «ልጅቷን ያሳድግላችሁ» ከማለቴ ስልኩ በራ። ደወሉ ጠፍቶ ነበር፤ ወንበሩ ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ ትንሽ ትንሽ እየተንፏቀቀ ወደ ጠርዙ ሄደ። አየሁት። በምርቃት መሐል ስልክ አይነሳም፤ ሰው ሁሉ መዳፉን ዘርግቷል። አንዴ ዝም አለ፣ ደግሞ ተንቀጠቀጠ። ቃሌን ሳላቆም መረቅሁ። አሜን ተባለ። ወዳጄ ስልኩን አንስቶ ኪሱ ከተተው። እኔ ወረቀቱን ጻፍኩ፣ ሁሉም ፈረመ፤ በአባትየው ቦታ ዋሱ ፈረመ።

አባትየው ክረምት ላይ አልመጣም። ኩርፊያ ነው ብለን ተውነው።

አራት ዓመት አለፈ። ልጅቷ የኮልፌ ልጅ ሆነች። የዚያን አገር ቋንቋ ረስታለች። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ እርሳስ ታቀብለኛለች፤ መቅረጫ እያላት እኔ በቢላ ስቀርጽላት ነው ደስ የሚላት። «አባባ፣ ሹል ያድርጉት፤ ግን እንዳይሰበር» ትለኛለች።

ዘንድሮ ወረቀት መጣ። እናትየው ይዛው ገባች። ቀይ ማኅተም አለው፣ የአማርኛ ትርጉምም ተያይዞበታል። የባሕር ማዶው ፍርድ ቤት ልጅቷ ለአባቷ ትሰጥ ብሎ ፈርዷል። አባትየውም ይህ ፍርድ እዚህ ይፈጸምልኝ ብሎ ለእኛ ፍርድ ቤት አመልክቷል።

«አባባ፣ ሊወስዷት ነው?»

ምን ልበላት? ለእኔ ሕግ ማለት ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ሰው ነበር። ሲዋሽ ዓይኑን አያለሁ፣ ሲጸጸት ትከሻውን አያለሁ። አሁን ግን በአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ላይ የሦስት ቦታ ሕግ ወጥቶባታል፦ ያላየሁት አገር ሕግ፣ የመንግሥታችን ሕግ፣ የእኔ ግቢ ሕግ። ሦስቱም ለእሷ ነው የምናስበው ይላሉ።

ጠበቃ ዘንድ አብሬያት ሄድኩ። ጠበቃዋ ወጣት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም፣ ወደድኳት። ወዳጄም ተከትሎን መጥቶ ነበር፤ ወንድሙ ሳይነግረው መክሰሱ አንገብግቦታል።

«የውጭ ፍርድ ማኅተም ስላለው ብቻ እዚህ አይፈጸምም፤ ሕጋችን የሚጠይቀው ነገር አለ» አለች ጠበቃዋ። «እነሱ የእኛን ፍርድ ይፈጽማሉ ወይ? ይላል አንዱ።»

«የእኛን ወረቀት ብንልክላቸው ሳሙና ነው የሚጠቀልሉበት!» አለ ወዳጄ።

ጠበቃዋ ሳቀችና ቀጠለች። «ዋናው ግን ሌላ ነው፣ አባቶቼ። የተፈረደባት ሰው ተጠርታ፣ ቀርባ፣ የመከላከል ዕድል አግኝታለች ወይ? እሷ አላገኘችም። መጥሪያው የተላከው ድሮ አብረው ይኖሩበት ወደነበረው ቤት ነው። ያልተሰማ ሰው ላይ የተፈረደ ፍርድ ነው ብለን እንቃወማለን። በዚያ ላይ የእርስዎ የሽምግልና ወረቀት አለ። አባትየው ተስማምቶ እንደነበር ይመሰክሩልናል፤ አይደለም እንዴ?»

«አዎ» አልኩ። አፌ ነው ያለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልተሰማ ሰው የምትለው ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረች። እነዚያ እሷ በሌለችበት ፈረዱ፤ እኛ ይሄን ነውር ነው ልንል ነው። እኔስ? ወንበር ሰጥቼው፣ ስልኩ ሲንቀጠቀጥ እያየሁ መርቄ አልዘጋሁበትም? ሕግ አልተማርኩም፤ ግን ይህቺን ነገር ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም።

ለወዳጄ ነገርኩት። ግንባሩን ቋጠረ።

«አንተ ሰውዬ ምን ነካህ? ዋስ ነበርኩ እኮ። የዋስ ቃል ካልሠራ ሽምግልናህ ምንድነው?»

«ወንድምህ እሺ ሲል ሰምተሃል?»

«ይላል ብዬ ነዋ! ታላቁ ነኝ፤ እኔን እምቢ ይላል?»

«ሰምተሃል ወይ ነው ያልኩህ።»

ኮቱን አንስቶ ሄደ።

በቀጠሮው ቀን መጽሐፉን ይዤ ማልኩ። ዳኛዋ ከልጄ ታንሳለች። «አባት፣ ከደከመዎት ቁጭ ብለው ይመስክሩ» አለችኝ። ቆሜ እናገራለሁ አልኩ። ጠበቃዋ ስለ ሽምግልናው ጠየቀችኝ፤ እስከ ውሳኔው ድረስ ያለውን ሁሉ ተናገርኩ። ከዚያ ዳኛዋ መነጽሯን አወረደች።

«አባትየው ውሳኔውን ተቀብያለሁ ሲል እርስዎ ራስዎ ሰምተዋል?»

እናትየውን አየኋት። ሁለት እጇን ጭኗ መሐል ከታ ነበር። ሰማሁ ብል በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያስተባብለኝ አልነበረም። ወዳጄም ከኋላ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

«አልሰማሁም» አልኩ። «የሰማሁት የዋሱን ቃል ነው። መስመሩ ተቋርጦ ነበር። በምርቃቱ መሐል መልሶ ደወለ፣ ሁለት ጊዜ። አይቼዋለሁ። አላነሣነውም።»

ጠበቃዋ ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች። የችሎቱ ጸሐፊ ያልኩትን መተየቧን ቀጠለች።

ብይኑ የመጣው ከሁለት ቀጠሮ በኋላ ነው። እናትየው ስላልተሰማች የባሕር ማዶው ፍርድ እዚህ አይፈጸምም ተባለ። አባትየው ስላልተሰማ የእኔም ወረቀት እንደ ስምምነት አይያዝም። የልጅቷ ነገር ከመነሻው ጀምሮ፣ ሁለቱም ወላጆች ባሉበት ይታይ፤ አባትየው እዚያ ሆኖ በፕላዝማ፣ በስክሪን እየታየ ይቅረብ፤ እስከዚያ ልጅቷ እናቷ ዘንድ ትቆይ። ዳኛዋ ይሄን ስታነብ ያ ባለ ቀይ ማኅተም ወረቀትና የእኔ የተጨማደደች ወረቀት አንድ መዝገብ ውስጥ ጎን ለጎን ታስረው አየሁ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እናትየው አጠገቤ ተቀመጠች። ከመሰከርኩበት ቀን ጀምሮ ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም፤ አልፈረድኩባትም። እኔ ዝም ብል ኖሮ ምናልባት ነገሩ አልቆላት ይሆን ነበር። ልጅቷን አሁንም ሊወስዷት ይችላሉ። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ወረድን። ሰውና ታክሲ ይጋፋል፤ ክንዴን ያዘችኝና ጥግ ላይ አቆመችኝ።

«አባባ፣ ያን ቀን ስልኩን እኔም አይቼዋለሁ» አለች።

ዞሬ አየኋት።

«ከወንበሩ በወደቀ ብዬ ጸለይኩ። እርስዎ አሜን በሉ ሲሉ፣ እኔ ለዚያ ነበር አሜን ያልኩት።»

ከዚያ አለቀሰች። እኔም ሌላ የምሰጣት ነገር ስላልነበረኝ ክንዴን አልነጠቅኋትም። ሰው እየገፋን ያልፋል።

የፕላዝማው ቀጠሮ ገና ነው። ትናንት ልጅቷ በአጥሩ ቀዳዳ እርሳሷን አቀበለችኝና «አባባ፣ አባቴ በቴሌቪዥን ሲመጣ እኔንም ያየኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ያይሻል አልኳት። ከዚያ እርሳሱን ስቀርጽ ጫፉ ሁለት ጊዜ ተሰበረብኝ።