ልጆች ላሉት ብቻ

የውሃ ቆጣሪ አንባቢውን የሥራ ባልደረቦቹ «እስኪ ልየው» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ያለ ምክንያት አይደለም። ውጭ ዝናብ ነው ሲሉት እጁን በመስኮት ያወጣል፤ ሚስቱ ጨው በቅቶታል ስትለው ማንኪያ ያነሳል። ሌሎቹ አንባቢዎች ውሻ ያለበት ግቢ ሲደርሱ ባለፈው ወር ቁጥር ላይ ትንሽ ጨመር አድርገው «በግምት» ይሞሉና ያልፋሉ። እሱ ግን በአሥራ ሰባት ዓመት ሥራው ክዳን ከፍቶ በዓይኑ ያላየውን ቁጥር አንድም ቀን ጽፎ አያውቅም። ይህ ጠባዩ ሁለት ሱሪ በውሻ አስቀድዶታል።

ልጁ ማንበብ እንደማትችል የደረሰባትም በዚሁ ጠባዩ ነው።

ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ናት። አንድ ቀን አክስቷ ልትጠይቃቸው ስትመጣ መጽሐፏን ይዛ ቆመችና አንድ ገጽ ሙሉ እንደ ውሃ አንቆረቆረችው። አክስቷ አገላብጣ ሳመቻት። እናቷም በኩራት ፊቷ በራ። አባትየው ብቻ የልጁ ዓይን ከመስመር መስመር እንደማይሄድ አየ። እንግዳዋ ከወጣች በኋላ መጽሐፉን ከመሃል ገለጠና «እስኪ ይሄንን» አላት። ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ያንኑ የመጀመሪያውን ገጽ ከላይ እስከ ታች ወረደችበት። ሰባ አንድ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ከኋላ ተቀምጣ፣ ሌሎቹ በአንድ ድምፅ ሲጮኹ እየሰማች በቃሏ የያዘችው ነው። አባቷ መጽሐፉን ሲከድነው እንደነቃባት ገባት።

«አባዬ፣ ለሰው አትንገር» አለችው።

ለሚስቱ ብቻ ነገራት። ሚስቱ ልብስ ንጽሕና መስጫ ውስጥ በካውያ ስትተኩስ የምትውል ሴት ናት፤ ሲነግራት በዚያው ምሽት ሌላ ትምህርት ቤት እንፈልግላት አለች። የግል ትምህርት ቤት በሁለቱ ደመወዝ የሚቀመስ አልሆነም። ጥሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር ደግሞ ሁሉም ሰው ያንኑ ስለሚያውቅ የቤቱ ኪራይ ጣሪያ ነክቷል። ሁለት ወር ሙሉ ሲንከራተቱ ቆይተው፣ ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ፣ የከተማውን ዳር ቆጣሪዎች የሚያነብ አንድ ባልደረባው ስለ አንድ ሰፈር ነገረው። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው፤ ልጆቹ ግን ጎበዞች ናቸው፤ ቤትም አለ አለው።

ቅዳሜ ከሰዓት ባልና ሚስት ሄደው አዩት። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ አጥሩ አጠር ያለ፣ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። ከአንድ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «የሚከራይ ቤት። ልጆች ላሉት ብቻ።» ከሥሩ የተጻፈው ዋጋ አሁን ከሚከፍሉት ግማሽ ነው።

ሚስቱ ደስታዋን መያዝ አቃታት። እስኪ ልየው ግን ነገር ሸተተው። በዕድሜው ያየው አከራይ ሁሉ ስንት ልጅ አላችሁ ብሎ የሚጠይቀው ለመከልከል ነው። ያሁኑ አከራያቸው እንኳ ልጅቷ በሳለች ቁጥር ግድግዳ ይደበድባል።

«ሰው ልጅ ፈልጎ ቤት ያከራያል? በግማሽ ዋጋ? የሆነ ነገር አለ።»

«አንተ እኮ ገነት ብትገባም መጀመሪያ የምትጠይቀው ቆጣሪው የት ነው ብለህ ነው» አለችው። «የዝውውር ምዝገባ ሊያበቃ የቀረው አሥራ አምስት ቀን ነው።»

«እስኪ ልየው» አላት።

በማግስቱ ባልደረባውን ለምኖ ለአንድ ወር የሥራ ቀጣና ተለዋወጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ባትሪና መዝገቡን ይዞ ገባ።

ሰፈሩ ገና ከመግቢያው አላማረውም። ሰዉ ሁሉ ከልክ በላይ ትሁት ነው። በአንዳንዱ በር ሲያንኳኳ ባለቤቶቹ ከማስገባታቸው በፊት ወደ ጓዳ ዞረው «ልጆች! ዝም በሉ እንጂ!» ብለው ይቆጣሉ። ከውስጥ ግን አንድም ድምፅ አይሰማም። በረንዳው ላይ የልጅ ጫማ ተደርድሯል። አንዱን አንስቶ ገለበጠው፤ ሶሉ አፈር ነክቶት አያውቅም። አንድ ግቢ ውስጥ የልጅ ብስክሌት ቆሟል፤ ሁለቱም ጎማ ተንፍሷል፤ ሰንሰለቱም ዝጓል።

የሚከራየው ቤት ባለቤት ከጎኑ ያለው ቤት ውስጥ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። መጀመሪያ የሳቸውን ቆጣሪ ከፈተ። ቆጣሪው በፍጥነት ይሽከረከራል። ወደ ጓሮ ዞር ሲል ቧንቧው ተከፍቶ ውሃው ቁጥቋጦ ሥር ይንዠቀዠቃል።

«እማማ፣ እዚህ ቤት ስንት ሰው ነው የሚኖረው?»

«እኔና ሦስት የልጅ ልጆቼ።»

«አሁን የት ሄዱ?»

«ትምህርት ቤት ናቸዋ!»

ቀኑ ቅዳሜ መሆኑን ነገራቸው። አሮጊቷ ሻርፓቸውን አስተካከሉና ስለ ፀሐዩ ማውራት ጀመሩ።

የሚከራየውን ቤት ቆጣሪ ሲከፍት ሸረሪት አድርቶበታል። ቁጥሩ አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ቆሟል፤ ካለፈውና ከዚያ ካለፈው ወር ጋር አንድ ነው። ቁጥሩን መዝገቡ ላይ አሰፈረና ከጎኑ እንደ ደንቡ «ባዶ» ብሎ ጻፈ። አሮጊቷ አንገታቸውን አስግገው ሲያዩ ደነገጡ።

«ልጄ፣ ምን አለበት ትንሽ ብትጨምርበት? ሰው እንዳለበት አድርገህ።»

እስኪ ልየው ጆሮውን ማመን አቃተው። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ቀንስልኝ ብሎ ያልለመነው የለም። ጨምርብኝ ያለው ሰው ግን እኚህ የመጀመሪያዋ ናቸው።

«እማማ፣ እኔ ያላየሁትን አልጽፍም።»

አሮጊቷ ፊታቸውን አዙረው ገቡ። እሱ ከመንገዱ ጫፍ ሳይደርስ ትሁቱ ሰፈር ሁሉ በየመጋረጃው ጀርባ ሆኖ በክፉ ዓይን ሲሸኘው ታወቀው።

ቤት ሲደርስ ለሚስቱ አንድ ባንድ ዘረዘረላት። ወይ ቤቶቹ ለመንገድ ሊፈርሱ ነው፤ ወይ ውሃው ተበክሎ በስውር እያፈሰሱት ነው፤ ወይ ደግሞ በየቤቱ የማይታዩት ልጆች የሆነ ነገር ደርሶባቸው ሰፈሩ ይደብቃል። ሚስቱ እስኪጨርስ ሰማችው።

«ሌላ ሰፈር አለህ?» አለችው።

«የለኝም።»

«ልጅህ ትላንትና አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ጻፊ ብሎ እንዳይጠራት ብላ እጇን በፋሻ ጠቅልላ ሄደች። ታምማ መስሎኝ ስፈታው ምንም የለበትም። አንተ ስታጣራ እሷ ልታልቅ ነው።»

ሰኞ ዕለት ፈቃድ ወስዶ፣ የደንብ ልብሱን ትቶ፣ በቀጥታ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ዳይሬክተሯ ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ገና ሲያዩት ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

«ቅዳሜ ሰፈሩን ሲዞሩ የዋሉት የውሃው ሰውዬ እርስዎ ነዎት አይደል?» አሉት። «ቢሮው ነው የላከዎት?»

«የምን ቢሮ? እኔን ማንም አልላከኝም። ቤት ፈልጌ ነው። ልጅ አለችኝ።»

«እውነተኛ ልጅ?»

«የውሸት ልጅ ደግሞ እንዴት ያለ ነው?»

ዳይሬክተሯ ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ነገሩን ገለጡለት። የሰፈሩ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ርቀው ሄደዋል፤ የተማሪው ቁጥር በየዓመቱ ይቀንሳል። ከመቶ ሃያ በታች ከሆነ የትምህርት ቢሮው ትምህርት ቤቱን ይዘጋና ልጆቹን ሩቅ ካለው ትልቅ ትምህርት ቤት ይቀላቅላቸዋል። መዝገቡ ላይ ያለው መቶ ሃያ ስድስት ነው፤ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው መቶ አሥራ ዘጠኝ። ሰባቱን ሰፈሩ ተመካክሮ የፈጠራቸው ናቸው። ቢሮው ልጅ ያለበትን ቤት በውሃ ፍጆታ ሊያጣራ ነው የሚል ወሬ ስለተሰማ ሰዉ ቧንቧ ከፍቶ ያድራል። ኪራይ የቀነሱትም እውነተኛ ልጅ እንዲመጣላቸው ነው።

«ታዲያ ለምን በግልጽ አትናገሩም?»

«ሊዘጋ ይችላል ብለን ብናወራ ማን ልጁን ያመጣል?»

«እኔስ ታዲያ ለምን አመጣለሁ?»

ዳይሬክተሯ ሳቃቸው ጠፋ። «እውነትዎን ነው» አሉ። «የሚያመጡበትን ምክንያት ይምጡና ይዩት።» ተነስተው ሦስተኛ ክፍል ወሰዱት።

ክፍሉ ውስጥ ሃያ ሁለት ልጆች አሉ፤ ቆጠራቸው። አንድ ፈዛዛ ልጅ ቆሞ ያነባል፤ እንደ ውሃ ያንቆረቁረዋል። አስተማሪዋ ሰማችውና በመዳፏ የገጹን ሥዕል ሸፈነች። ልጁ ቀጠለ። መጽሐፉን ከመሃል ገለጠችና «እስኪ ከዚህ» አለችው። ልጁ ንባቡን አቁሞ አቀረቀረ። አስተማሪዋ አልጮኸችም፤ ልጆቹም አልሳቁም። አጠገቡ ጎንበስ ብላ «እዚህ ጋ ነው የጠፋብህ? በል ከዚችው ፊደል እንነሳ» አለችው።

በሩ ላይ የቆመው ሰው እንባው መጣ። በሕይወቱ እንደሱ የሚጠረጥር ሰው ሲያጋጥመው የመጀመሪያው ነው። «ይቺ ሴትዮ ከኔም ትብሳለች» ብሎ አሰበ፤ በዚያው ልቡ ቆረጠ።

ሐሙስ ዕለት ዕቃቸውን ጭነው ገቡ። ከመኪናው እንደወረደ መጀመሪያ ያደረገው ነገር የአሮጊቷ ጓሮ ገብቶ ቧንቧቸውን መዝጋት ነበር። እማማ እያጉረመረሙ ፍራሽ ያዙላቸው።

በገቡ በአሥራ ሁለተኛው ቀን የትምህርት ቢሮው ሰውዬ መጣ። ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ እርሳሱን በየመሃሉ የሚቀርጽ፣ ሲናገሩት ቅንድቡን የሚያነሳ ሰው ነው። ልጆቹን ሜዳ ላይ አሰልፎ ስም ጠራ። ሰባቱ ስሞች ሲጠሩ አቤት የሚል አልተገኘም፤ እሱም አንድ ባንድ ሰረዛቸው። መጨረሻ ላይ የቀረችው የእስኪ ልየው ልጅ ናት።

«መልቀቂያዋ የወጣው ገና ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ነው። ለቆጠራው የተዋሳችኋት ልጅ ትሆናለች» አለ። «እዚህ ለመኖሯ ምን ማስረጃ አላችሁ?»

አባትየው በቅርብ መንገድ ላይ ቆጣሪ ሲያነብ ተጠርቶ መጣ። ሰውዬውን አይቶ ጠላው፤ በሆዱ ግን ትክክል ነው አለ፤ እሱም ቢሆን አያምንም ነበር። ሰውዬውን፣ ዳይሬክተሯንና ልጁን ቤቱ ወሰዳቸው። ሚስቱ ዕረፍት ወጥታ ልብስ ስታጥብ ነበርና እጇ አረፋ እንደያዘ በር ላይ ቆመች። እማማም በአጥሩ በኩል አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። እስኪ ልየው የቆጣሪውን ክዳን አነሳና መዝገቡን አወጣ።

«እርስዎ አባቷ ነዎት፤ እርስዎ አያነቡም» አለው ሰውዬው። ጎንበስ ብሎ ራሱ ሞከረ፤ መስታወቱ ጭጋግ ይዞ በመነጽሩ አልታይ አለው።

«እንግዲያው ልጅቷ ትነግረዎት» አለ አባትየው። ማታ ቆጣሪ ሲያይ ባትሪ ይዛለት ስለኖረች ቁጥር ታውቃለች። ልጅቷ ተንበርክካ በቀሚሷ ጫፍ መስታወቱን ወለወለችው።

«አራት መቶ አሥራ ስምንት።»

ሰውዬው መስታወቱ ላይ ተደፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መዝገቡን ተቀበለ። አራት መቶ አሥራ ሁለት የሚለውን አገኘና ከጎኑ ያለችውን ቃል በእርሳሱ ነካት።

«ይሄስ ምንድን ነው የሚለው?» አላት።

አባትየው ወደ ቃሉ ጎንበስ አለ። ሥዕል የለውም። በቃሏ የያዘችው ገጽ ውስጥም የለም። እናቲቱ የረጠበ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልጅቷ ጣቷን ከፊደሉ ሥር አስቀመጠች። ከንፈሯ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰና ቆመ።

«ባ…» አለች። «…ዶ። ባዶ!»

ቀና ብላ አባቷን አየችው። «አባዬ፣ ተሳስተሃል። እኛ አለን እኮ።»

«ያኔ አልነበርንም» አላት።

የቢሮው ሰውዬ ቁጥሮቹን አስተያየ፤ የሚስቲቱን እጅ አየ፤ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። እስኪ ልየው በትከሻው ላይ አሻግሮ አየ፤ መቶ ሃያ ይላል። እማማ ከአጥሩ ወዲያ እልል ሊሉ ሲሉ ዳይሬክተሯ ቶሎ ብለው በእጃቸው ዝም አሰኟቸው።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ሚስቱ ልጇን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች። እሱ ግን አልተቀመጠም። መዝገቡን ይዞ መጣ፤ ሌላ ገጽ፣ ሌላ መንገድ፣ ሌላ ቤት ገለጠ።

«አንተ ሰውዬ፣ አሁን እንኳ?» አለች ሚስቱ።

«እስኪ ይሄንንስ» ብሎ ከቁጥሩ ጎን የጻፈውን ለልጁ አሳያት።

ልጅቷ እንባዋን ጠረገችና ጣቷን አስቀመጠች። ፊደሎቹን አንድ ባንድ ተከተለች።

«ው… ሻ…» አለች። «ውሻ… አለ።»

እስኪ ልየው ያን ጊዜ ቁጭ አለ። መዝገቡን ከደነውና ዳግመኛ አልጠየቃትም።