የቻይናዊው መቃብር ላይ የነበረው ብርቱካን

ፎርት ወርዝ ዳር ባለ መካነ መቃብር ሣር አጫጅ ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ ሰው ድንጋዩ ላይ የተወውን የላስቲክ አበባና ፊኛ ለቅሜ እጥላለሁ፤ ማሽን ውስጥ ይገባል ብሎ ሱፐርቫይዘሩ ያዘዘው ነው።

አሮጌው ክፍል ውስጥ አንድ የቻይና መቃብር አለ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ስለሆነ ብዙ ዓመት ዝም ብዬ ዙሪያውን ሳጭድ ኖሬያለሁ። አሁን እንግሊዝኛውን አነባለሁ፤ ቻይና፣ ካንቶን ተወልዶ ቴክሳስ ሞተ ይላል። ባለፈው ዐቢይ ጾም ብርቱካንና አንድ ሳህን ሩዝ ተቀምጦበት አገኘሁ። «ጣዖት!» አልኩና አማትቤ ከነሳህኑ ከረጢት ውስጥ ከተትኩት።

ዞር ስል አንዲት እናቴን የሚያህሉ ቻይናዊት በምርኩዝ ቆመዋል። ለካ ከመኪናቸው ውሃ ሊያመጡ ሄደው ነው።

«ምግቡስ?» አሉኝ።

«ወፍ ወሰደው።»

«ሳህኑንም?»

ከረጢቱ አፉን ከፍቶ ጋሪው ላይ ተቀምጧል፤ ብርቱካኑ ይታያል። ይጮሁብኛል ስል አንዱን አወጡ፣ በሹራባቸው ጠረጉ፣ ልጠው ግማሹን ሰጡኝ።

«እሱ ከቀመሰ በኋላ እኛ እንበላዋለን» አሉ መቃብሩን እያሳዩኝ።

ተዝካር ማለት ይኸው አይደል? ለሟቹ ተብሎ ሕያው ይበላል። እኔ ይህ ጠፍቶኝ ነው?

የተቀበረው ቅድመ አያታቸው ነው። የባቡር ሐዲድ ሊያነጥፍ መጣ፤ ሐዲዱ ሲያልቅ የሰው ልብስ አጠበ። አንድ ልጁን አምጥቶ ሚስቱን ሊያስከትል ሲል ቻይናዊ አሜሪካ እንዳይገባ ሕግ ወጣ፤ ሳይተያዩ ሞቱ። ያኔ የነሱ ሰው ሲሞት አጥንቱ ተቆፍሮ በመርከብ ወደ አገሩ ይላክ ነበር አሉኝ። የሱን የላከ የለም።

«ዘመዶቼ አይመጡም። እኔ ስሞት የሚያበላው የለም። እስከ እሑድ ተውልኝ።»

«ኦኬ።»

«የአንተን አባት መቃብር ማን ይጠርጋል?»

ብርቱካኑን እንደጎረስኩ ከረጢቱ ውስጥ እጄን ሰደድኩ።

ሳህኑን አጥቤ ሩዙን መለስኩ፤ ከላይ ከላይ፣ ያልቆሸሸውን። በማግስቱ ሱፐርቫይዘሩ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲል «የሰው ምሳ ነው፣ አትንካ» አልኩት። ትከሻውን ሰብቆ ሄደ። እዚያ ላይ ጀግና ነኝ።

አባቴ የተቀበረበትን ደብር አውቃለሁ። የትኛው ዛፍ ሥር እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። ወንድሜ እዚያው አገር አለ፣ መደወል ብቻ ነው። ማታ ማታ ሌዊስቪል ቤቴ ደርሼ መኪና ፓርክ አድርጌ ስልኩን እይዛለሁ። ይሄን ሁሉ ዓመት የት ነበርክ ቢለኝስ? እስካሁን አልደወልኩም።