በሱፍ ቤቱ ለልጄ የተያዘ ቦታ

ያን ዓርብ እዚህ ዶሃ ተሰብስበን የነበርነው እነዚህ ነን፦ ከአገር ቤት የመጡት ሁለቱ፣ የአካባቢያችን የንግድ ምክር ቤት ሰብሳቢና ጸሐፊዋ፤ ዐይን ኻሊድ የሚሠራው ሹፌር፤ ዘ ፐርል አንድ ሕንፃ ላይ ጥበቃ የሆነው ሰው፤ ሉሰይል ሆቴል ውስጥ ክፍል የምታጸዳው ሴት፤ እንደኔ ሰው ቤት የሚሠሩ ሁለት እህትማማቾች፤ የምግብ ቤቱ ባለቤት፤ እኔ። ዘጠኝ ሰው። ብዙ ወንበር ተደርድሮ ነበር፤ የሌሎቹን ማዳሞቻቸው አልለቀቋቸውም መሰለኝ ባዶውን ቀረ።

እኔን ማዳም የምትለቀኝ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው፤ ዓርብ፣ እስከ ዐሥር ሰዓት። ከመውጣቴ በፊት ጋዙን ሁለት ጊዜ አየሁ። ካውያውን ከሶኬት ነቀልኩ። ከደረጃው ተመልሼ ደግሞ አየሁት። ሹፌሩ የጎረቤት ቤት ሹፌር ነው፣ የአገሬ ልጅ። በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ቆይቶ፣

«እትዬ፣ ቤቱን ይዘሽው ልትወጪ ነው እንዴ? ያላ፣ ግቢ!» አለኝ።

ሰው ይስቅብኛል። እኔ ግን እዚህ አገር አሥራ አንድ ዓመት የቆየሁት በመጠንቀቅ ነው። አራተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ሌላ ምን አላት?

ስብሰባው የሐበሻ ምግብ ቤት ፎቅ ላይ ነበር። ሹፌሩ በሩን ዘጋና «ማንም ቢጠይቃችሁ ይሄ ስብሰባ አይደለም። ምሳ ነው። ዶሮ በላን በሉ» አለ።

«እሺ፣ ዶሮው የታለ?» አለ ጥበቃው።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ከታች ሰምታው ኖሮ «አንተ መጀመሪያ ተሰብሰብ!» ብላ ጮኸች።

ሰብሳቢውን በዓይን አውቀው ነበር። በከተማችን ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ነው። ምክር ቤቱ ምን እንደሚሠራ ግን ያን ቀን ነው የገባኝ። ነጋዴውን፣ ገበሬውን፣ የእጅ ሙያ ያለውን ሰብስቦ አገሩ በራሱ ነገር እንዲያድግ ማድረግ ነው ሥራቸው። በእኛ ገበያ በግ የሚሸጠው በዓይን ግምት፣ ወገቡን በመዳበስ ነበር፤ ደላላው ያለው ነበር ዋጋው። እነሱ ናቸው ገበያው መሐል ሚዛን ያቆሙት። ይህንን ሲናገር አባቴ ትዝ አለኝ። በግ ሸጦ ሲመለስ ሁልጊዜ እንደተሰረቀ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚገባው።

ሰብሳቢው ከሻንጣው የበግ ሱፍ አወጣ። ያልታጠበውን፣ የታጠበውን፣ የተፈተለውን፣ ከዚያም የትራስ ልብስ የምታህል ምንጣፍ በተራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ኤሲው እየነፋ ክፍሉ የበግ ሽታ ሸተተ። ከእህትማማቾቹ ታናሽየዋ ያልታጠበውን ወደ አፍንጫዋ ወስዳ ቶሎ መለሰችው።

«እኛ አገር ይሄ ከባና፣ ከብርድ ልብስ አልፎ አያውቅም። የተረፈው ይጣላል» አለ ሰብሳቢው። «አሁን ማጠቢያና መፈተያ አግኝተናል። ሼድ ተሰጥቶናል። የጠፋው ሰው ነው። ገንዘብ ልጠይቃችሁ አልመጣሁም። የእናንተ ልጆች የት ናቸው? ፓስፖርት ለማውጣት ተሰልፈዋል። እናንተ በሄዳችሁበት ሊሄዱ ነው።»

የሆቴሏ ሴት ምንጣፏን አነሳች። ሰብሳቢው የፈለገው ለአለቃዋ እንድታሳይለት ነበር። «ጋሼ፣ አሳያለሁ» አለች፤ «ግን እኛ ጋ እንግዳ ጫማውን አያወልቅም። የአገሬን ሱፍ እንደዚያ ሲረግጡት ቆሜ ላይ ነው?»

«ይርገጡት እንጂ! ሲያልቅ ሌላ ይገዙናል።»

«እኔ ልጄን ብሰጣችሁ፣ ሚስቴንም ጨምራችሁ ትወስዱልኛላችሁ?» አለ ጥበቃው። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ሰብሳቢው ያመጣው ነገር እንዲህ ነው። ውጭ አገር ለሚሠራ ሰው ሁሉ ሼዱ ውስጥ በሚከፈተው ሱፍ ቤት ሥልጠና አንድ አንድ ቦታ ይያዝለታል። ቦታው የሚመዘገበው በሠራተኛው ስም ነው፤ ከቤተሰቡ ማንን እንደሚያስገባ ራሱ ያውቃል። ሥልጠናው ሲያልቅ ሥራው እዚያው ነው። በፈንታው እኛ የምንፈርመው ያንን ልጅ ለሁለት ዓመት ወደ ውጭ እንዳናስወጣ ነው።

እኔ ለሁለት ዓመት አይደለም፣ ለዕድሜ ልክ እፈርም ነበር። ልጄ ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ እህቴ ጋ ቁጭ ካለች ቆይታለች። በስልክ ስንገናኝ ወሬዋ አንድ ነበር። እገሌ ሄደች፣ የእገሌ ልጅ ገባች፣ ለእናቷ ቤት ሠራች። «እኔስ እማ? ለእኔ መቼ ነው?» ትለኛለች። እዚህ ያየሁትን ልነግራት አልችልም። ከነገርኳት ስለ እኔ ትጨነቃለች፤ ካልነገርኳት ትመጣለች። እንዲሁ በመሐል ስንት ዓመት ቆየሁ።

ጸሐፊዋ ቅጽ አደለችን። ወጣት ናት፣ ትሑት። «በያዛችሁት መታወቂያ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ሙሉልኝ» አለች። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ፊደሉን እያየሁ፣ እንዳልሳሳት አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ሌሎቹ ጨርሰው ሲበሉ እኔ ገና እጽፍ ነበር።

በኢቃማዬ ላይ ያለው ስም እናቴ ያወጣችልኝ አይደለም። ስመጣ ደላላው «በክርስቲያን ስም ቪዛ ይዘገይብሻል» ብሎ ስሜንም የአባቴንም ስም ለወጠው። ያኔ ትንሽ ልጅ ጥዬ፣ ባሌን ቀብሬ የወጣሁ ሴት ነበርኩ፤ እሺ አልኩ። ለንስሐ አባቴ በስልክ ነግሬያለሁ። ለእህቴና ለልጄ ግን አልነገርኩም። አፈርኩ። የምልከው ገንዘብም በሰው በኩል ስለሚደርስ ያ ስም ቤቴ ገብቶ አያውቅም። እዚህ ግን ማዳም በእሱ ትጠራኛለች፣ ባሏ ባባም፣ ልጆቹም፣ ሐኪም ቤቱም። ሲጠራ አቤት የምለው እሱን ነው።

ጸሐፊዋ ቅጹን አይታ አንገቴ ላይ ያለውን የመስቀል ንቅሳት አየች።

«እትዬ፣ ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ» አልኩ።

የሆቴሏ ሴት አፏ ውስጥ ያለውን ሳትውጥ «እህቴ፣ እዚህ ስም እንደ ዩኒፎርም ነው፤ ሲሰጡሽ ትለብሺያለሽ!» አለች። እንደገና ተሳቀ። ጸሐፊዋም ሳቀች፣ ቅጹን ከሌሎቹ ጋር ደረበችው። እኔም ያን ጊዜ ሳቅኩ። ከዘጠኝ ሰው አንድ እንኳ «ታዲያ ቤተሰቧ በምን ያውቃታል?» ያለ የለም። በኋላ እንደሰማሁት የሆቴሏ ሴት በቅጹ ላይ ሁለቱንም ስሟን ጽፋ ነበር። ለእኔም አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበር እላለሁ፤ ደግሞ እመለስና እሷ ምን ዕዳ አለባት እላለሁ።

በማግስቱ ለልጄ ደወልኩ። «ተመዝግበናል። ዝርዝሩ በምክር ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል አሉ። ስሜን ስታዪ ገብተሽ እኔ ልጇ ነኝ በይ» አልኳት።

«በእውነት፣ እማ? ሥራ ነው? የእውነት ሥራ?»

«የእውነት ሥራ።»

ያን ቀን ድምፅዋ ሌላ ነበር። ስለ መሄድ አላነሳችም። ሱፍ እጅ ያሻክራል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ከዚያ ማዳም የበጋውን ሙቀት ለመሸሽ ብላ ቤተሰቡን ወደ ዖማን፣ ወደ ሳላላ ይዛ ሄደች። እኔም ለልጆቹ ተከተልኩ። ለአንድ ሳምንት ተብሎ ነው የሄድነው፤ ለልጄም «ለሳምንት ስልኬ አይሠራም» ብያት ነበር። አየሩ ተስማማቸውና ሦስት ሳምንት ተቀመጥን። ሲሜ እዚያ አይሠራም። የዋይፋዩን ቁጥር ማዳምን ጠየቅኳት።

«ልጆቹን ተከታተዪ፣ ሥራሽ እሱ ነው፤ ስልክ ሹግል አይደለም» አለችኝ።

ሁለተኛ አልጠየቅኳትም። ብለምናት ኖሮ ትሰጠኝ ነበር ይሆን? ክፉ ሴት አይደለችም። እኔ ነኝ ፈሪዋ።

ዶሃ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ እየጠበቅን ስልኬ ኔትወርክ ያዘ። የልጄ የድምፅ መልእክት ተከታትሎ ገባ። የማዳምን ሕፃን በአንድ እጄ አቅፌ በሌላው ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።

የመጀመሪያው፦ «እማ፣ ተለጥፏል። ሄጄ አየሁት። ስምሽን አጣሁት። ነገ ደግሞ አያለሁ።»

ሁለተኛው፦ «ዛሬም ሄድኩ። ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየነካሁ አነበብኩ። ዘበኛው ‹አንቺ ልጅ፣ ወረቀቱን ልትጠርጊው ነው እንዴ› ይለኛል። የለም፣ እማ።»

ሦስተኛው፦ «ሳምንቱ አለፈ እኮ፣ አታነሺም። ተቀይመሽኝ ነው? ማዳምሽ አልለቅ ብላሽ ሳትሄጂ ቀርተሽ ይሆናል። እንዳላዝን ብለሽ ነው አይደል ተመዝግበናል ያልሽኝ? ግድ የለም።»

አራተኛው አጭር ነው። «እማ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ወደ ሳዑዲ ወጣሁ። በአፋር በኩል ነው፣ የሚያውቅ ሰው አለ። አክስቴን አትቆጫት፣ አልነገርኳትም። ደርሼ እደውላለሁ።»

ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። ማዳም «ምን ሆነሽ ነው፣ አጥብቀሽ ይዘሽዋል እኮ» አለች።

ለእህቴ ስደውል ገና ድምፄን ስትሰማ ጮኸች። «እታለም፣ ውኃ ልትቀዳ ነው የመሰለኝ! ጀሪካኑን ይዛ ነው የወጣችው! ጀሪካኑን የጎረቤት አጥር ሥር አገኘሁት!» አለችኝ። ሄደች ካሉኝ ዘጠኝ ቀን ሆኖ ነበር።

አገር ቤት የተመለሰችውን ጸሐፊ በሹፌሩ በኩል አገኘኋት። ቅጹን ፈልጋ መልሳ ደወለች።

«እትዬ፣ ስምሽ አለ እኮ! ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። ሦስት ቀን አስጠራን፣ የቀረበ ሰው አልነበረም።»

ያ ያነበበችው ስም የኔ ነው፣ እናቴ ያወጣችልኝ ግን ሌላ ነው፣ ልጄ የምታውቀው ያንን ብቻ ነው አልኳት። መጀመሪያ አልገባትም።

«ልጅቷን አስታውሳታለሁ» አለችኝ ሲገባት። «ወረቀቱ ፊት ቆማ አይቻታለሁ። ምን ፈልገሽ ነው አላልኳትም።» ቦታው ለተጠባባቂ ተሰጥቷል። ልጅሽ ብትመለስ ግን በሚቀጥለው ዙር እናስገባታለን አለች። እያለቀሰች ነበር፤ እኔ አባበልኳት።

ልጄ ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቷን አሳርፋ አልፋለች። የእናቷን ስም ነክታ አላወቀችውም። ይህን ማሰብ መተው አልቻልኩም።

ለማዳም ነገርኳት። «ሚስኪን» አለች፣ አብራኝ አለቀሰች። ባባ የሳዑዲ ጓደኛ አለው፤ «እጠይቃለሁ፣ ኢንሻአላህ» አለኝ። ሁለተኛ ልጠይቀው ፈርቼ ሻይ ሳስገባ ፊቱን አያለሁ። ሹፌሩ የሚያውቃቸውን የሪያድና የጂዳ ሹፌሮች ሁሉ ጠይቆልኛል። አብረዋት የወጡት የሁለቱ ልጆች እናቶች እንደኔ ምንም አይሰሙም። አገር ቤት ልሂድ ብል እዚያ የለችም። ወደ መንገዱ ልሂድ ብል የትኛው መንገድ? ስለዚህ ልብስ እተኩሳለሁ። ጋዙን አያለሁ።

ምክር ቤቱ ሥራውን አላቆመም፤ ማቆምም የለበትም። በስልክ ቡድናችን ላይ ፎቶ ይልካሉ፦ ሱፍ ሲታጠብ፣ ማሽኑ ሲዞር፣ ነጭ ሽርጥ የለበሱ ልጃገረዶች በሁለት ረድፍ ተቀምጠው። ሰብሳቢው «በርቱ፣ አገራችሁ እየተለወጠ ነው» ብሎ ይጽፋል። እውነቱን ነው። የሆቴሏ ሴት ወንድ ልጇም እዚያ አለ፤ ለእናቱ የመጀመሪያ ምንጣፉን ፎቶ ልኮላት አሳየችኝ። እሷ ደስ እንዲላት ደስ አለኝ አልኩ። ከዚያ ብቻዬን ስሆን የልጃገረዶቹን ፎቶ አሳድጌ አንድ በአንድ ፊታቸውን አያለሁ፤ እንደማላገኛት እያወቅኩ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ በአፋር አድርጋችሁ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ የመን ወይም ወደ ሳዑዲ ያለፋችሁ ሰዎች፣ ወይም እዚያ ዘመድ ያላችሁ፣ እባካችሁ ልብ በሉልኝ። ዛሬ ሃያ ዓመቷ ነው። ቀይ፣ ቀጭን ናት፤ የላይኛው የፊት ጥርሷ ጫፉ ተሰብሯል፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አላት። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ከሌሎች ሁለት ልጃገረዶች ጋር ነው የወጣችው። ያያት፣ አብሯት የሄደ፣ ስለ እሷ የሰማ ካለ፣ ደኅናም ሆነ ክፉ፣ ወሬዋን ንገሩኝ።