ውሃ ያልጠጣው ፈረስ

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ትልቅ ሰው ነበርኩ፤ ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ፣ አነባለሁ። እሁድ ከሰዓት፣ ሙቀቱ ሰውን ከጥላ በማያስወጣበት ሰዓት፣ የጎረቤታችን የእትዬ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ እቀመጥና ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣውን ተከታታይ ተረት ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። እትዬ ፊደል አልቆጠሩም። ወታደር ልጃቸው ከአስመራ የሚልክላቸውንም ደብዳቤ የማነብላቸው እኔው ነበርኩ።

ተረቱ ስለ አንድ ክንፋም ፈረስና ስለ ጌታው ልዑል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች የተረኩት የፈረሱ ጠባቂ፣ ሽማግሌው ባልደራስ ነበሩ፤ ወደድናቸው። ሦስተኛውን ክረምቱን ሙሉ ጠብቀን ሲመጣ ግን ተራኪው ራሱ ልዑሉ ሆኖ ቁጭ አለ። እንዴት ያለ ጉረኛ መሰላችሁ! አንድ ገጽ ሙሉ ስለ ጸጉሩ ያወራል። ዘንዶ ገድሎ ራሱን ያመሰግናል፤ ዘንዶ ሲያጣም ያመሰግናል። አንጀቴ አረረ። ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቅኩት ለዚህ ነው?

እትዬን ያስቆጣቸው ግን ጉራው አልነበረም።

"ቆይ እስቲ" አሉኝ፣ "ይሄ ፈረስ ከጠዋት ጀምሮ ሲበር ውሎ ውሃ አልጠጣም እኮ!"

የዚያው የቀወት ቆላ ገበሬ ልጅ ናቸው። እነሱ ዘንድ በቆላ ሐሩር የዋለ ከብት ሳይጠጣ ባለቤቱ የራሱን የውሃ ቅል አያነሳም። መጽሐፉን ሊያስዘጉኝ ሆነ። ከተዘጋ ደግሞ እኔ ከሰፈሩ ልጆች እንደ አንዷ መሆኔ ነው። ስለዚህ ዓይኔን ከገጹ ሳልነቅል "ከዚያም ወረድኩና ፈረሴን ከወንዙ አጠጣሁት" አልኩ።

"ተባረክ!" አሉ እትዬ፣ ልዑሉን።

ከዚያ ወዲያ ልዑሉ በየምዕራፉ ፈረሱን ያጠጣ ጀመር። ይቅርታ ይጠይቃል፣ እናቱንም ያስባል። ደራሲው ቢሰማ የገዛ ልዑሉን አይለየውም ነበር።

አንድ እሁድ እዚያው የሚመገበው አዲሱ አስተማሪ "ላግዝሽ" ብሎ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደና እንደ ዜና አንባቢ አንበለበለው።

"መምህር፣ ውሃውን ዘለሉት" አሉ እትዬ።

"የምን ውሃ?" ወደ ኋላ ገለጥ ገለጥ አደረገ። "ከመጀመሪያውም የለም እኮ፣ እትዬ።"

እትዬ አዩኝ። ወደ ጓዳ ገብተው የልጃቸውን ደብዳቤዎች ይዘው ወጡ። ክው አልኩ። ያ ልጅ ከልዑሉ አይሻልም ነበር፤ ስለ አዲስ ጫማው፣ አለቃው ስላመሰገነው፣ ከዚያ በርበሬ ላኪልኝ፣ አለቀ። "እማዬ፣ ናፍቀሽኛል" የሚለው ሁሉ የኔ ጭማሪ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እትዬ የላይኛውን ደብዳቤ ለአስተማሪው ዘረጉለት። ሊቀበል እጁን ሲሰድ ግን መልሰው ሳቡትና መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"አንቺው አንብቢልኝ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ውሃውን እንዳትረሺ።"