የጽጌ ሳል

ጽጌ ጤነኛ ናት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሳንባዋ ያለ ጥፋቱ ስለ ታማ ነው። እኔ ሺፋ በሚባል የዐረብ አገር ሰፈር ግድግዳ የምትጋራት የጎረቤት ቤት ሠራተኛ ነኝ። እሷ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ኡሙ ሳሊሕ የሚባሉ አሮጊት ስትንከባከብ የኖረች፣ መዋሸት ሲያምራት ምላሷ የሚተሳሰርባት ሴት ናት። እንዲህ ያለች ሰው አጭበርባሪ ስትሆን ማየት እንዴት እንደሚያስቅ!

ኡሙ ሳሊሕ በአፍንጫቸው የታወቁ ነበሩ። እኛ ቤት ሽንኩርት ሲያር ከእኔ ቀድመው ያውቃሉ። ዓርብ ዓርብ ከሶላት መልስ ሦስቱ ወንዶች ልጆቻቸው ተራ በተራ ግንባራቸውን ሲስሟቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በጠረን ብቻ «ይሄ ሳሊሕ፣ ይሄ ፈሃድ» እያሉ ይለያሉ። ጺማቸው የሸበተ ወንዶች እንደ ሕፃን ይፍለቀለቃሉ። ለእናትየው ግን ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ ኩራታቸው ነበር።

ካቻምና ወተት ገንፍሎ ሲያር ኡሙ ሳሊሕ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ሳይሸታቸው ቀረ። ጽጌ ሮጣ ስትገባ ቤቱ ጢስ በጢስ ሆኗል። በዚያው ሳምንት ፈሃድን በሦስተኛው ልጃቸው ስም «ማጂድ» አሉት። ልጆቹ ሳቁ፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አፍንጫ ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል እንዲሉ፣ ጓዳ ገብታ ያለቀሰችው ጽጌ ናት።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ ከኋላቸው ቆማ ማሳል ጀመረች። ለሳሊሕ አንዴ፣ ለፈሃድ ሁለቴ፣ ለማጂድ ሦስቴ። አሮጊቷ ምንም ሳይጠይቁ ገባቸው። ሁለቱ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልተነጋገሩም።

እኔ ግን አላስቻለኝም። አሮጊቷ መድኃኒታቸውን ውጠው «ገና አልዋጥኩም» ማለት ጀምረው ነበር። «እህቴ፣ ሽማግሌ ሰው ላይ ማሽተት ሲጠፋ አንዳንዴ መርሳት ይከተላል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ሐኪም ይያቸው» አልኳት።

«ልጆቻቸው ፊት ላዋርዳቸው? ተይኝ!» ብላ ተቆጣችኝ።

ሳሉ ግን የሰው ጆሮ ገባ። የሳሊሕ ሚስት «ይህች ሴት ሳንባዋን ታማለች» አለች። ጽጌን ወስደው አስመረመሯት፤ ንጹሕ ናት ተባለ። በማግሥቱ ዓርብ ነበርና ስድስት ጊዜ አሳለች።

ሳሊሕ ሐኪሙን ሳያምን «ኸላስ፣ በቃ» አላት፤ «በሚቀጥለው ሳምንት አገርሽ ትገቢያለሽ።»

እውነቱን ብትናገር ሥራዋ ይተርፋል፤ የአሮጊቷ ኩራት ግን ይፈርሳል። እሷ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። ሰው እንዲህ ይሞኛል? በግድግዳው ላይ አንገቴን አስግጌ አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኳት። በሆዴ ግን እንደሷ ብሆን ብዬ ቀናሁ።

የመጨረሻው ዓርብ ደረሰ፤ የሆነውን ኋላ ጽጌ ራሷ ነገረችኝ። ሻንጣዋ በር ላይ ተቀምጧል፤ እሷ ጓዳ ናት። ኡሙ ሳሊሕ እንደ ወትሮው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሳሊሕ ግንባራቸውን ሳመና ጠበቀ። የሚያስል ሰው የለም።

«ያላ እናቴ፣ ማን ነኝ?» አለ እየሳቀ።

«አላውቅም» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ከካቻምና ጀምሮ አላውቅም። ሴትዮዋን ተዋት፤ ሳሉ የእኔ ነው። ሐኪም ዘንድ የምትወስደኝም እሷ ናት።»