የአዳዳ አውራ ጣት

አዳዳ የማታውቀው ነገር ላይ ጣቷን አታሳርፍም ነበር። አዳዳ የአባቴ ታላቅ እኅት ናት፤ በኛ አገር የአባት እኅት በኦሮምኛ እንዲህ ትባላለች፣ እኔም በሌላ ስም ጠርቻት አላውቅም። ከጭልሞ ጫካ ሥር ካለው መንደራችን አውጥታ አምቦ ያመጣችኝ፣ ትምህርት ቤትም ያስገባችኝ እሷ ነች። ደብተሬ ሽፋን ላይ የከተማዋን የመንግሥት ስም «ሀገረ ሕይወት» ብዬ በጥንቃቄ እጽፋለሁ እንጂ፣ ከአስተማሪዎቻችን በቀር እንደዚያ ብሎ የሚጠራት ሰው አላጋጠመኝም።

አዳዳ ፍል ውሃው መታጠቢያ ቤት ፎጣ አጣቢ ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም፣ ፊቷን በልጅነቷ ፈንጣጣ አበላሽቶታል። ባሏ በሞተ በዓመቱ አንድ የተማረ ሰው ወረቀት ይዞ መጣና «የግብር ነው» ብሎ አነበበላት። አመነችው፤ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ አተመችለት። ወረቀቱ ግን የሽያጭ ውል ኖሮ ባሏ የተወላት መሬት በዚያው ሄደ። ከዚያ ወዲህ የማኅበር ጠጪዎች ስም ዝርዝር እንኳ ቢሆን ቃል በቃል ካልተነገራት ቀለም አትነካም።

ይህ ጠባይዋ ከእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ጠባይ ጋር ተገጣጠመ። እሳቸው ከህንድ አገር የመጡ፣ በዚያ ሁሉ ጭቃ ጫማቸው የሚያበራ ሰው ነበሩ። አሳዳጊ ያልፈረመበትን የቤት ሥራ አያርሙም። ስለዚህ የጻፍኩትን እንግሊዝኛ መስመር በመስመር ለአዳዳ እተረጉምላታለሁ፤ አማርኛው ሲጠጥርባት ወደ ኦሮምኛ እመልሰዋለሁ። እሷ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ትሰማለች። ትቆጥራለችም፤ አምስት መስመር ካለ አምስት ትርጉም ትፈልጋለች። ከዚያ በኋላ ነው የምታትመው። ሳሙናና ሙቅ ውሃ የጣቷን መስመር ስለበሉት አሻራዋ የፈሰሰ ቀለም ይመስላል። አስተማሪያችን መጀመሪያ ላይ ቀለም አፍስሼ ያታለልኳቸው መስሏቸው ሁለት ጊዜ መዳፌን በማስመሪያ ገርፈውኛል። ለዚህች ነገር እስካሁን ይቅር አላልኳቸውም።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ማወዳደር ተማርን። አስተማሪያችን ሦስት ልጆች ፊት ለፊት ያቆሙና አናት አናታቸውን በማስመሪያ እየነኩ «ቶል! ቶለር! ቶለስት!» ይላሉ፤ ክፍሉ በአንድ አፍ ይከተላል። «ሾርተስት» ሲባል ሁልጊዜ የምጠራው እኔ ነኝ። በአማርኛ ይህ ከዚያ ይረዝማል ብሎ መገላገል ነው። በእንግሊዝኛ ግን አጭሩ ቃል ጭራ ያበቅላል፣ ረጅሙ ቃል ደግሞ ጭራ አልችል ብሎ «ሞር» ወይም «ሞስት» የሚባል ሸክም በራሱ ላይ ይሸከማል። «ጉድ» የተባለው ቃል ደግሞ ብድግ ብሎ «ቤተር» ይሆናል፣ ቀጥሎ «ቤስት»። ለምን ብለን ብንጠይቅ «እንዲሁ ነው፣ በቃላችሁ ያዙት» አሉን። እኔ ግን ወደድኩት። ሳምንቱን በመንገድ ያገኘሁትን ሁሉ ሳወዳድር ሰነበትኩ፤ አህያውን ከአህያ፣ ጋሪውን ከጋሪ፣ ቄሱን ከቄስ።

ማክሰኞ ዕለት «ስለ ቤተሰባችሁ አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ እውነተኛ ይሁን» አሉን።

ያ ሳምንት ለኔ የጭንቅ ሳምንት ነበር። በእንጭኒ በኩል ያሉ ሰዎች ለልጃቸው ሚስት እንድሆን ጠይቀው አባቴ እሺ ብሏል። «ቅዳሜ ለገበያ ስመጣ ይዣት እመለሳለሁ» ብሎም ልኳል። አዳዳ «እሱ ይምጣ እንጂ እኔ አለሁ» ብላኛለች። ከእሷ ሌላ ጠበቃ አልነበረኝም። ብዕሬን ያነሣሁት እንግዲህ በዚህ ሳምንት ነው።

እንዲህ ጻፍኩ፦ አባቴ ከእናቴ ይረዝማል። የአዳዳ ቤት ከአባቴ ቤት ያንሳል። መንደራችን ከአምቦ ይበርዳል። እናቴ ከአዳዳ ይልቅ ቆንጆ ናት። ከዘመዶቼ ሁሉ መልከ ጥፉዋ አዳዳ ናት።

ክፋት አልነበረብኝም። አሥር ከአሥር ፈልጌ ነበር፤ ለአሥር ከአሥር ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን ዓይነት ቃል ማስገባት ያስፈልጋል። ምን እንደ ሠራሁ የገባኝ ከፊቷ ቁጭ ብዬ መተርጎም ስጀምር ነው። አዳዳ እኮ ጎረቤት ሁለት ሕፃናት ይዛ ብትመጣ አንዱን አመስግና ሌላውን የማታልፍ ሴት ነበረች። ሦስቱን መስመር እንደ ምንም ተወጣሁ። ጣቷ አራተኛው ላይ መጥቶ ቆመ። መዋሸት እችል ነበር፤ አስቤውማለሁ። ግን ያን ወረቀት ያነበበላት ሰውዬ ትዝ አለኝና አልሆነልኝም። ሁለቱንም በትንሽ ድምፅ ነገርኳት።

«ድገሚው» አለችኝ።

ደገምኩት።

«ዱጋ ነው» አለች፤ እውነት ነው ማለቷ ነው። «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ይላሉ፤ አንቺ ደግሞ በእንግሊዝኛ ደገፍሽኝ።» አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ አተመችልኝ። ከዚያ ወጥታ ገና ያልደረቀ ልብስ ከገመድ ላይ ስታወርድ ቆየች። ራት ስንበላ አላጎረሰችኝም። አብሬያት በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አዳዳ ሳታጎርሰኝ ገበታ ተነሥቶ አያውቅም ነበር።

አሥር ከአሥር አገኘሁ። ደስ አላለኝም። ረቡዕም ሐሙስም ዓርብም ከሚያስፈልገው በላይ አላናገረችኝም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ይቅርታ ልጠይቅ ብል ያንኑ ቃል መልሼ ልጠራው ነው። ቅዳሜ «ይዘሃት ሂድ» እንደምትለው እርግጠኛ ሆኜ ልብሴን አጣጥፌ ጠበቅሁ።

አባቴ አህያውን ከደጃፉ አስሮ ገባ። ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ስለ ዝናቡ ተጫወቱ። በመጨረሻ በኦሮምኛ «እትዬ፣ ለሰዎቹ ቃሌን ሰጥቻለሁ» አላት።

አዳዳ ወደ እኔ ዞራ «ደብተርሽን አምጪ» አለችኝ። አመጣሁ። «አንብቢለት።» እንግሊዝኛውን አነበብኩ። «አሁን ትርጉሙን ንገሪው። አንድም እንዳትዘይ።»

ነገርኩት። የአባቴ ፊት ተለዋወጠ። «ይኼን ነው የሚያስተምሯት? ያሳደገቻትን መስደብ?» ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ተቀመጥ» አለችው። «ስድብ አይደለም። እኔ ጣቴን አሳርፌበታለሁ። አንድ ቃል ብትለውጥ ማን ያውቅባት ነበር? እኔ ማንበብ አልችል! ከፋኝ እንጂ፣ እንዴት አይከፋኝ፤ ሦስት ቀን ከፍቶኛል። ግን ያ ሰውዬ ወረቀቱን እንደዚህች ልጅ አንብቦልኝ ቢሆን ዛሬ መሬቴ ላይ በተቀመጥኩ። አንተስ? ነገ ወረቀት ይዘው በርህ ላይ ሲቆሙ ማን ሊያነብልህ ነው? ይህችን ለእንጭኒ ሰዎች ልትሰጥልኝ ነው?»

አባቴ ደብተሩን ከእጄ ተቀበለና ገለበጠው። የያዘው ዘቅዝቆ ነበር። ለረጅም ጊዜ የእኅቱን የቀለም ጠብታ አየ። እሱም በሰው መሬት ላይ ጢሰኛ እንደ ነበረ፣ በየዓመቱ ጣቱን የሚያሳርፍበት ወረቀት እንዳለው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

«እሺ፤ ስምንተኛን ትጨርስ» አለ።

አዳዳ ልትሸኘው ወጣች። እኔ ብቻዬን ቀረሁና አለቀስኩ፤ ከዚያ ደብተሬን ገልጬ ከአምስተኛው መስመር ሥር ስድስተኛውን ጻፍኩ። ስትመለስ የቀለሙን ብልቃጥ ከፍቼ ጠበቅኋት።

«ደግሞ ምንድን ነው?»

«ከሰው ሁሉ የምትሻለው አዳዳ ናት ይላል።»

ሳቀች። በዚያ ሳምንት ስትስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ብልቃጡን ግን ክዳኑን ገጥማ መለሰችልኝ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይኼን እኔ አላውቅም» አለች። «የማላውቀው ላይ ጣቴን አላሳርፍም። ነይ ይልቅ፣ እንብላ።» የዚያን ዕለት ጉርሻዋ አፌን ሞልቶት ማኘክ አቃተኝ።

ስምንተኛን ጨረስኩ፤ በኋላም አስተማሪ ሆንኩ። ስንቱን ልጅ «ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት» እንዳስባልኩ ቁጥሩን አላውቀውም። አዳዳ ስታርፍ ሣጥኗን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ደብተሬን በክት ነጠላዋ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ገጹን አገኘሁት። ከአምስቱ መስመር ሥር የእሷ የቀለም ጠብታ አለ፤ ከስድስተኛው ሥር ባዶ ነው። መጻፍ የምችል ሴት፣ አውራ ጣቴን ቀለም ነከርኩና እዚያ አተምኩ። እኔ አውቃለሁና።